«ሬይን ቼክ» ሲሉዎት ምን ማለታቸው ነው?

የሥራ ባልደረባዎን «ከሥራ በኋላ ቡና ልጋብዝሽ» አሏት እንበል። አሜሪካዊት ናት። ፈገግ ብላ «ካን አይ ቴክ አ ሬይን ቼክ?» ትልዎታለች። ሬይን ዝናብ መሆኑን ያውቃሉ። ቼክም ከባንክ ቤት ያውቁታል። ውጭው ግን ፀሐይ ነው፤ የገንዘብ ነገርም አልተነሣም። ታዲያ ትመጣለች ወይስ አትመጣም?

ዛሬ አትመጣም። ግብዣውን ግን አልገፋችውም። «ዛሬ አይመቸኝም፤ ይቆየኝና ሌላ ቀን እንጠጣለን» ማለቷ ነው። በአማርኛ «ይቆየኝ» የምንላት ነገር የሬይን ቼክ የቅርብ ዘመድ ናት።

አባባሉ ሁለት ነገር በአንድ አፍ ይናገራል። «አይሆንም» ይላል፤ «ወደፊት ይሁን» ደግሞ ይላል። የመጀመሪያውን ብቻ የሰማ ሰው ይቀየማል። ሁለተኛውን ብቻ የሰማ ደግሞ ቡና ቤት ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። አሜሪካ አገር ለሚኖር ሰው ሁለቱንም መስማት ይጠቅማል። ነገሩ በወሬ ብቻ አያበቃም፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሬይን ቼክ እውነተኛ ወረቀት ነው፣ ጥቂት ዶላርም ያተርፋል። ወደዚያ እንደርሳለን።

መጀመሪያ ዝናቡ ከየት መጣ?

ከቤዝቦል ሜዳ ነው የመጣው። ቤዝቦል አሜሪካውያን ከጸደይ እስከ መኸር የሚያዩት ጨዋታ ነው። አንዱ ቡድን ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ የመምታት ተራቸውን ሲጨርሱ አንድ ኢኒንግ ይባላል። አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ ነው።

እኛ ያደግነው እግር ኳስ በዝናብም ሲቀጥል እያየን ነው። ጭቃው ውስጥ ይንሸራተታሉ፣ ጨዋታው ግን አይቆምም። ቤዝቦል ይህን አይችልም። ኳሱ ጠንካራ ነው፤ ክብደቱ 145 ግራም አካባቢ ቢሆንም ወርዋሪው በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ሊለቀው ይችላል። እጁ ከረጠበ ኳሱ ያመልጠዋል፤ ዱላ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆሟል። የሚሮጡበት አፈርም ውኃ ሲጠጣ ያዳልጣል። ስለዚህ ዳኛው ጨዋታውን ያቆማል፣ ሠራተኞች እየሮጡ ሰፊ ሸራ ሜዳው ላይ ይዘረጋሉ፣ ተመልካቹ ይጠብቃል። ዝናቡ እምቢ ካለ ጨዋታው ይሰረዛል።

እዚህ ላይ የገንዘብ ጥያቄ ይነሣል። ሰውየው ትኬት ገዝቷል፣ ጨዋታ አላየም። ገንዘቡን መልሱልኝ ቢል እውነት አለው። ባለ ሜዳው ደግሞ የዕለቱን ወጪ አውጥቷል፤ በር ላይ የሰበሰበውን መልሶ ማደል አይፈልግም። ሁለቱን ያስታረቀው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው፦ «ገንዘብዎን አንመልስም፣ ይህን ይዘው ሌላ ቀን በነፃ ይግቡ።» ያ ወረቀት ሬይን ቼክ ተባለ።

ቼክ የባንክ ቼክ ነው? አይደለም። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ቼክ «የሚገባዎት ነገር እንዳለ የሚያሳይ ምልክት ወይም ቁራጭ ወረቀት» የሚል ፍቺም አለው። ምግብ ቤት ሲገቡ ካፖርትዎን ተቀብለው ቁጥር የሚሰጡበት ቦታ «ኮት ቼክ» የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሬይን ቼክ እንግዲህ የዝናብ ኩፖን ነው ብንል አንሳሳትም። ቼክ የሚለው ግስ «ማረጋገጥ» ማለት መሆኑን ብቻ ይዞ «የአየሩን ሁኔታ እያየች ነው» ብሎ የተረጎመም አይጠፋም።

ቃሉ እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ጋዜጦች ይገኛል። ናሽናል ሊግ የሚባለው ትልቅ የቤዝቦል ማኅበር የተቋቋመው በ1876 ስለሆነ፣ ጨዋታው የገንዘብ ሥራ እየሆነ በሄደባቸው ዓመታት የተወለደ ነገር ነው። የኩፖኑን ፈጠራ ብዙ ሰው የኒው ኦርሊንስ ቡድን ተጫዋችና አሠልጣኝ ለነበረው ለአብነር ፓወል ይሰጠዋል። እንደሚተረከው ያኔ ትኬቱ ደጋግሞ የሚያገለግል ጠንካራ ካርቶን ነበር። ተመልካቹ ሲገባ በር ላይ ያስረክበዋል፤ ዝናብ ጨዋታውን ካቋረጠ ተሰልፎ ሌላ ይወስዳል። ታዲያ በአጥር ዘልለው የገቡትም ከከፈሉት ጋር ይሰለፉና ያልገዙትን ትኬት ይዘው ይወጡ ነበር። ፓወል መፍትሔ ያለው ጫፉ የሚቀደድ የወረቀት ትኬት ነው፤ በረኛው አንዱን ወገን ይወስዳል፣ ቀሪው ተመልካቹ ኪስ ውስጥ ይቆያል። ጉራጁ የሌለው ሰው አልከፈለም ማለት ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ቃሉ ፓወል ፈጠረው ከሚባልበት ጊዜ አስቀድሞ ጋዜጣ ላይ ስለሚታይ፣ ለእሱ የምንሰጠው ብናበዛ ጉራጁን እንጂ ሐሳቡን አይደለም።

ማንኛውም ዝናብ ግን ኩፖን አያሰጥም። የቆየው ደንብ ጨዋታው አምስት ኢኒንግ ከሄደ እንደ ሙሉ ጨዋታ ይቆጠራል ይላል። በሜዳው የሚጫወተው ቡድን እየመራ ከሆነ አራት ተኩልም ይበቃል። ስለዚህ ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ ዶፍ ወርዶ ጨዋታው ቢያበቃ፣ ተመልካቹ ግማሽ ቀን በስብሶ፣ ግማሽ ጨዋታ አይቶ፣ ባዶ እጁን ይሄዳል። ኩፖኑን ጀርባውን ገልብጦ ያነበበ ይህን ያውቃል፤ ያላነበበ በር ላይ ይከራከራል። ዛሬ ትኬት ስልክ ውስጥ ስለሆነ የሚቀደድ ነገር የለም። የተሰረዘው ጨዋታ ሌላ ቀን ሲያዝለት ብዙውን ጊዜ ያው ትኬት ያገለግላል። የጎልፍ ሜዳዎችም ዝናብ ላቋረጠው ደንበኛ ሬይን ቼክ የመስጠት ልማድ አላቸው።

አሁን ወደ ሱፐርማርኬቱ እንግባ፤ ለቤት ወጪ የሚጠቅመው ይህ ነው።

መደብሩ በሳምንታዊ ማስታወቂያው የአንድ ዕቃ ዋጋ ቀነሰ እንበል። 9.49 ዶላር የነበረው ዘይት በዚህ ሳምንት 5.99 ነው፤ ለአንድ ሰው እስከ ሁለት ጠርሙስ። ቅዳሜ ከሥራ ወጥተው ሲደርሱ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ የዋጋው ቢጫ ወረቀት ብቻ ተንጠልጥሏል። ብዙዎቻችን እናዝናለን፣ ሌላ ዘይት በሙሉ ዋጋ እንገዛለን፣ ወይም እንመለሳለን። ሌላም መንገድ አለ። «ከስተመር ሰርቪስ» ወደሚባለው፣ የተገዛ ዕቃ ወደሚመለስበት ጠረጴዛ ይሂዱና «ካን አይ ጌት አ ሬይን ቼክ ፎር ዚስ?» ይበሉ። ሠራተኛዋ የማስታወቂያውን ወረቀት አይታ አንድ ትንሽ ቅጽ ትሞላለች። የዕቃው ስምና መጠን፣ የቅናሹ ዋጋ፣ ስንት ጠርሙስ እንደሚፈቀድ፣ የዛሬው ቀን፣ ወረቀቱ የሚያልፍበት ቀን፤ ከዚያ ፊርማዋ። ዘይቱ ሲገባ፣ ቅናሹ ያበቃ ቢሆንም፣ በ5.99 ይገዛሉ። በሁለት ጠርሙስ 7 ዶላር ቀረልዎት።

ወረቀቱ ምን ያስከፍላል? ምንም። የሚያስወጣዎት አሥር ደቂቃ ወረፋና ሁለተኛ ጉዞ ነው። መደብሩ ሰፈርዎ ውስጥ ከሆነ ያዋጣል። በአውቶቡስ ሁለት መስመር ቀይረው የሚሄዱበት ከሆነ ግን ለ7 ዶላር ብለው አይመለሱ፤ ሌላ የሚገዙት ሲኖርዎት ይሂዱ።

መብቴ ነው ወይስ ችሮታቸው? መልሱ መሀል ላይ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1971 ለምግብ መደብሮች ደንብ አወጣ። ደንቡ በማስታወቂያ ዋጋ ቀነስኩ ያለ መደብር ዕቃውን ማቅረብ አለበት ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሌለ ዕቃ ሰው ጠርቶ ሌላውን በውድ መሸጥ ማታለል ነው። በ1989 ደንቡ ሲሻሻል ለመደብሮቹ መውጫ ተሰጣቸው። ዕቃው ያለቀበት መደብር ሬይን ቼክ ከሰጠ፣ ወይም ተመጣጣኝ ዕቃ በዚያው ዓይነት ቅናሽ ካቀረበ፣ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። ማስታወቂያው ላይ «ያለን ጥቂት ነው» ብሎ አስቀድሞ የጻፈ መደብርም ነፃ ነው። ስለዚህ ሬይን ቼክ መደብሩ ቃሉን ከሚጠብቅባቸው መንገዶች አንዱ እንጂ የግድ የሚሰጠው ነገር አይደለም። አንዳንዱ ይሰጣል፣ አንዳንዱ አይሰጥም። መጠየቅ ግን ነውር የለውም፤ በእንግሊዝኛ የሚያፍር ሰው የማስታወቂያውን ወረቀት በጣቱ አሳይቶ ሁለቷን ቃል ብቻ ቢልም ይገባቸዋል።

ሲቀበሉ ሦስት ነገር ይዩ። መጀመሪያ የሚያበቃበትን ቀን፤ 30 ቀን የተለመደ ነው፣ ከዚያ ያነሰም አለ። ቀጥሎ መጠኑን፤ ትልቁን ጠርሙስ አስበው ትንሹ ተጽፎ ቢገኝ ያኔ መከራከር ከንቱ ነው። ከዚያ ወረቀቱ በሌላ ቅርንጫፍ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ። ሊገዙበት የሄዱ ቀን ደግሞ ራስዎ የሚያስከፍሉበት ማሽን ላይ አይቁሙ። በእጅ የተጻፈ ወረቀት ማሽኑ ስለማያነብልዎት ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ይሂዱ፤ ወረቀቱንም ዕቃው ከመቆጠሩ በፊት ይስጧት።

ይህ ወረቀት በካናዳና በአውስትራሊያ መደብሮችም ይታወቃል። እንግሊዝ አገር ግን ሱፐርማርኬት ገብተው ቢጠይቁ ግር ሊላቸው ይችላል። በወሬ መሀል ይረዱታል፣ ሆኖም አሜሪካዊ ቃና እንዳለው ይሰማቸዋል፤ እነሱ «አናዘር ታይም» ማለት ይቀናቸዋል።

ከሜዳና ከመደብር ወጥተን ወደ ሰው እንመለስ። ኩፖኑ ወደ ግብዣ የተሻገረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው፤ ሐሳቡ አልተቀየረም። ያ ተመልካች «ጨዋታው ይቅር» አላለም፣ «ሌላ ቀን አያለሁ» ነው ያለው። የሥራ ባልደረባዎም ቡናውን እንዲሁ አለች።

እንዴት ይባላል? በጣም የተለመደው «ቴክ አ ሬይን ቼክ» ነው፤ ቴክ መውሰድ ነው። ኩፖኑን የሚወስደው ግብዣውን ያስተላለፈው ሰው መሆኑን ልብ ይበሉ። ስለዚህ እርስዎ ሲጋበዙና ሳይመችዎት ሲቀር «አይል ሃቭ ቱ ቴክ አ ሬይን ቼክ» ይላሉ፤ «ለሌላ ጊዜ ላሳድረው ነው» እንደማለት። የምኑን እንደሆነ መናገር ከፈለጉ ኦን የምትለዋን ይጨምሩ፦ «ካን አይ ቴክ አ ሬይን ቼክ ኦን ዲነር?» ስለ እራት ነው የምታወሩት ማለት ነው። ጓደኛሞች ሲሆኑ በጽሑፍ መልእክት «ሬይን ቼክ?» ብቻ ብለው ይተዉታል፤ የጥያቄ ምልክቷ ሥራውን ትጨርሳለች። ጋባዡም «አይል ጊቭ ዩ አ ሬይን ቼክ» ሊል ይችላል፤ «ግድ የለም፣ ግብዣው ይጠብቅሃል» ነው።

ከጊዜ በኋላ ያቺ ግብዣ ስትነሣ ደግሞ «አይ ዉድ ላይክ ቱ ካሽ ኢን ዛት ሬይን ቼክ» ይላሉ። ካሽ ኢን ማለት ወረቀቱን መመንዘር ነው። «ያቺ ያቆየሁዋት ቡና አሁን ትምጣ» ማለት ነው። ይህን የሚል ሰው ነገሩን አልረሳም፤ የምር ነበረ።

አነጋገሩ የጨዋታና የወዳጅነት ነው። አለቃዎ ምሳ ቢጋብዝዎትም መጠቀም ይችላሉ፤ ከምክንያት ጋር ቢሆን ይመረጣል። «ልጄን ከትምህርት ቤት ማምጣት አለብኝ» ይበሉና ያስከትሉ። ምክንያቱ ረጅም መሆን የለበትም። እንደኛ አገር ከታመመችው አክስት ጀምሮ እስከ መኪናው ጎማ መዘርዘር እዚያ አይጠበቅም፤ እንዲያውም ሲበዛ ውሸት ይመስላል።

እኛ ሐበሾች የምንጋጭበት ቦታ እዚህ ጋ ነው። እስቲ አንድ ቤት በር ላይ እንቁም። አሜሪካዊው ጎረቤት የተዋሰውን መሰላል ሊመልስ መጥቷል። በሩ ሲከፈት የዶሮ ወጡ ሽታ ፊቱን አጠበው። የቤቱ እመቤት «ግባ፣ ግባ! ብላ!» አለችው። እሱም ከልቡ ፈገግ ብሎ «ኢት ስሜልስ ዎንደርፉል፤ ካን አይ ቴክ አ ሬይን ቼክ?» አለ። የእኛ ደንብ እንግዳ እምቢ ሲል መለመን ነው። «በሞቴ! አንድ ጉርሻ! አፈር ስሆን!» ተባለ፤ ባልየውም ክንዱን ያዘው። ሰውየው ተሸነፈ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሦስት ጉርሻ ጎረሰ፣ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ፣ እጁን ታጠበና ሮጠ። ልጁ መኪና ውስጥ እየጠበቀው ነበር።

ማንም ክፉ አላሰበም። ሴትየዋ የመጀመሪያውን እምቢታ የወሰደችው እንደ ይሉኝታ ነው፤ እንደ እኛ ሰው ቆጠረችው። እሱ ግን የሚፈልገውን ነበር የተናገረው። ሬይን ቼክ ያለ አሜሪካዊ እንዲለመን አይጠብቅም። ብትወጂኝ ተይኝ ዓይነት ነገር ነው። ለእሱ የሚስማማው መልስ «ሹር! ሃው አባውት ሰንደይ?» ነው፤ «እሺ፣ እሑድስ?»። ዶሮው እሑድም ሊሠራ ይችላል፤ ሰውየውም ያኔ ተረጋግቶ ይበላል።

በተቃራኒውም ያጋጥማል። ሐበሻው አሜሪካዊ ቤት ሄዶ «ትበላለህ?» ሲባል በይሉኝታ «ኖ፣ ታንክ ዩ» ይላል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ልመና ይጠብቃል። ልመናው አይመጣም። ሳህኑ ይነሣል። እሱም ተርቦ «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚያ እምቢታ ሲሰጥ እንደተሰጠ ይወሰዳል፤ ሬይን ቼክም እንደዚያው።

ታዲያ ለማለት ያህል ቢሉትስ? ይህ የዕዳን ጉዳይ ያነሣል። ሬይን ቼክ በአፍ የተወሰደ ዱቤ ነው። ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ባለ ዕዳው መደብሩ ነበር፤ ሰው ለሰው ሲነጋገር ግን ዕዳው የሚያርፈው ግብዣውን ባስተላለፈው ላይ ነው። የሚቀጥለውን ቀን መጥቀስ የእርስዎ ድርሻ ይሆናል። ጋባዡ አንድ ጊዜ ጋብዞ ተላልፎበታል፤ ደግሞ እንዲጋብዝ ማስጠበቅ ያከብደዋል። አንዴ ሬይን ቼክ ብለው ዝም ካሉ ያልፋል። ሁለተኛ ብለው ዝም ካሉ «አልፈልግም» ብለዋል፤ በአፍዎ ባይሉትም እንደዚያ ይቆጠራል። የወንድና የሴት ቀጠሮ ላይማ ቀን የሌለው ሬይን ቼክ የትሕትና እምቢታ መሆኑን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። «ሐሙስ ይሻለኛል» የሚል ነገር ከተከተለው ግን ሌላ ነው።

የማይፈልጉትን ግብዣ በሬይን ቼክ ከመሸኘት ይልቅ «ታንክ ዩ ፎር ኢንቫይቲንግ ሚ፣ በት አይ ካንት» ብሎ ማመስገንና መቅረት ይሻላል። ለእኛ ጆሮ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እኛ በግልጽ እምቢ ከማለት «እናያለን» ማለት እንመርጣለን። ነገር ግን ለማለት ብለው ያስተላለፉት ሰውዬ በሳምንቱ ስልክ ደውሎ «ያቺን ሬይን ቼክ ዛሬ እንመንዝራት?» ቢል የሚያመልጡበት ቀዳዳ አይኖርም።

በፍጹም የማይባልበት ቦታስ አለ? አለ፤ መለያውም ቀላል ነው። ነገሩ ሌላ ቀን ሊደገም ይችላል ወይ ብለው ይጠይቁ። ቡና ይደገማል፣ እራት ይደገማል፣ ፊልምም ይደገማል። ሠርግ፣ ቀብርና የልጅ ምርቃት ግን አይደገሙም። ለሠርግ ጥሪ ሬይን ቼክ ያለ ሰው «ሁለተኛ ስታገባ እመጣለሁ» ያለ ያህል ያስቃል፤ ባለ ሠርጉ ካልተቆጣ ማለት ነው።

የመንግሥትና የሕክምና ቀጠሮም በዚህ አነጋገር አይነካም። የፍርድ ቤት ቀን፣ የኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ፣ የሐኪም ቀጠሮ ሲያጋጥም የሚያስፈልግዎት ሌላ ቃል ነው፤ «ሪስኬጁል»፣ ማለትም ቀጠሮን በይፋ ወደ ሌላ ቀን ማዛወር። «አይ ኒድ ቱ ሪስኬጁል ማይ አፖይንትመንት» ይበሉ፣ አዲሱን ቀን ይቀበሉ፣ በጽሑፍ እንዲላክልዎት ይጠይቁ። ልዩነቱ በኪስ ይታያል፤ ብዙ ክሊኒኮች ሳይነግራቸው የቀረን ታካሚ ያስከፍላሉ፣ «ሬይን ቼክ» ብሎ ስልክ መዝጋትም እንደ መንገር ላይቆጠር ይችላል። የፍርድ ቤትና የኢሚግሬሽኑ ደግሞ ከገንዘብ በላይ ነው፤ እዚያ ፈቃድ ሳያገኙ አለመቅረብ ጉዳይን ሊያበላሽ ይችላል። ለሥራ ቃለ መጠይቅም ቢሆን ሪስኬጁል ነው የሚባለው። ቤት ኪራይ ላይ ሬይን ቼክ የሚሰጥ አከራይ እስካሁን አልተወለደም።

አሁን አንድ መልእክት አብረን እንጻፍ። ዓርብ ለእራት ተጠርተዋል፣ የማታ ሥራ አለብዎት። በስልክዎ እንዲህ ይላሉ፦ «ታንክስ ፎር ዚ ኢንቪቴሽን! አይ ወርክ ፍራይደይ ናይት። ካን አይ ቴክ አ ሬይን ቼክ? ሃው አባውት ኔክስት ሳተርደይ?» ምስጋና፣ አጭር ምክንያት፣ ማስተላለፊያ፣ ቀን። ከአራቱ አንዱን ለመቁረጥ ከተገደዱ ምክንያቱን ይቁረጡ፤ ቀኑ ይቆይ።

መልእክቱ ወደ እርስዎ የመጣ ከሆነና ቀን ካለበት፣ ቀኑን ይመልከቱና «ሳውንድስ ጉድ» ይበሉ። ቀን ከሌለበት «ኖ ፕሮብለም፣ ሌት ሚ ኖው ዌን ዩ አር ፍሪ» ብለው ኳሱን ለእነሱ ይተዉ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሡት ይችላሉ። ያኔም ቀን የሌለው ሬይን ቼክ ከመጣ መጋበዙን ያቁሙ፤ ሰላምታውን ግን እንደ ድሮው ይቀጥሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሊፍት ውስጥ መገናኘታችሁ አይቀርም።